ከፊንጫ ሐበራ እስከ ሪራ፦ የባሌ ተራሮች እግረኞች ታሪክ

የባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ ከየት ጀመረ ቢባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድንኳን ይዞ የሚመጣውን የውጭ አገር ሰው ነው። ታሪኩ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። የሚጀምረውም ዛሬ ከዲንሾ የሚነሱ ተጓዦች አዳራቸውን ከሚያደርጉባቸው ቦታዎች አንዱ ከሆነው ከፊንጫ ሐበራ ነው።

ፊንጫ ሐበራ በዌብ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። እዚያ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አለቱ እንደ ጣራ ወደ ውጭ የወጣበት ጥልቀት የሌለው ዋሻ አለ። ውርጭና ዝናብ ሲበረታ እረኞች ከብታቸውን ይዘው የሚጠለሉት እንዲህ ባሉት የአለት ጥጎች ሥር ነው። አርኪዮሎጂስቶች የዋሻውን ወለል ቆፍረው ወደ ታች ሲወርዱ የምድጃ አመድ፣ የተቃጠለ አጥንትና ብዛት ያለው የድንጋይ መሣሪያ አገኙ። በጎትስ ኦሰንዶርፍ መሪነት የተጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት ሲወጣ (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመራማሪዎችን ግምት ገለበጠ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እዚህ ከፍታ ላይ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ያን ያህል ከፍ ባለ ተራራ ላይ ሰው ስለመኖሩ ከዚህ የቀደመ ማስረጃ እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ አልተገኘም ነበር።

የሚበሉት ግዙፉን ፍልፈል ነበር። ይህ እንስሳ ከባሌ ተራሮች በስተቀር የትም የለም፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ያለውን ሣር ሸምጥጦ ተመልሶ ይገባል። የዋሻው ነዋሪዎች እያደኑ በእሳት ይጠብሱት እንደነበር ከተቃጠለው አጥንት ታውቋል። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን መሣሪያቸውን የሠሩበት ድንጋይ ነው። ኦብሲዲያን የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ዋሻው አጠገብ የለም። የሚገኘው ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ የተራሮቹ አናት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ አማካይ ሙቀቱም ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ይል እንደነበር የበረዶውን አሻራ ያጠኑ ሊቃውንት አስልተዋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከዋሻቸው ተነስተው ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተው፣ በረዶው ጠርዝ አጠገብ ድንጋይ ፈልጠው፣ ተሸክመው ይመለሱ ነበር። ዛሬ ጥሩ ጫማ አጥልቆ፣ ስንቁን በፈረስ አስጭኖ ያንን ዳገት የሚወጣ ሰው በየመቶ ሜትሩ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። እነርሱ ግን ዳገቱን የወጡት ኑሮ አስገድዷቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በረዶው ቀለጠ። የተወልን ትልቁ ምልክት ገርባ ጉራቻ ነው፤ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ግግሩ ባጎደጎደው ሳህን ውስጥ የተኛ ጥቁር ሐይቅ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሐይቁ ሥር ደለል አውጥተው በውስጡ የቀረውን የአበባ ብናኝ መረመሩ። በ2007 የታተመው ሥራቸው የተራራውን ዕፅዋት የ16,000 ዓመት ገደማ ታሪክ ያሳያል፦ በረዶው ሲሸሽ ሣሩ፣ ዝናቡ ሲመለስ አስታው እንዴት ሽቅብ እንደወጣ፣ ዝናቡ ሲያንስም እንዴት እንዳፈገፈገ። ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ የሚያድር ተጓዥ ከእግሩ ሥር ያ ሁሉ ዘመን ተደራርቦ እንዳለ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የመጣው እግረኛ እረኛው ነው፤ መንገዱን በትክክል የቀየሰውም እርሱ ነው። የባሌ ኦሮሞ ጎዳንቱ የሚለው የከብት ዝውውር ሥርዓት አለው። እንደ ወቅቱ ከቆላው ወደ ደጋው፣ ከደጋው ወደ ሐረና ደን ከብት ይነዳል። እህል በሚዘራበት ጊዜ ከብቱ ከማሳው ይርቃል፤ ሣሩ ሲያልቅ ሌላ ግጦሽ ይፈለጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሆራ አለ። ሆራ ማዕድን ያለው ምንጭ ነው። ከብት ሆራ ካልጠጣ ይከሳል፣ ወተቱም ይቀንሳል ብለው ባለቤቶቹ ያምናሉ፤ ስለዚህ ሩቅ ቢሆንም ይወስዱታል። መንደርን ከሆራ፣ ሆራን ከግጦሽ የሚያያይዘው የከብት ዱካ በዘመናት ብዛት ጠልቆ መንገድ ሆነ። አሁን ቱሪስት የሚሄድበት መስመር በአብዛኛው ይኸው የከብት መንገድ ነው። ወንዙ የት ላይ እንደሚሻገሩት፣ ጭቃው በየትኛው ወር እንደማያሳልፍ፣ ጉም ሲወርድ በየትኛው አለት ጥግ መጠለል እንደሚቻል የተፈተሸው ከብት እየተነዳ ነው።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት ረጅም ጉዞ ነበር፤ ዛሬም አለ። ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ከጊኒር አልፎ፣ ድሬ ሼህ ሁሴን ይገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖሩ የሚነገርላቸው ሼህ ሁሴን ያረፉበት ቦታ ነው። ተሳላሚዎቹ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላም ስፍራ እየተነሱ በተለይ ለአረፋ ወደዚያ ይጎርፋሉ። መኪና ከመምጣቱ በፊት ሁሉም፣ ከመጣ በኋላም ብዙዎቹ በእግር ነው የሚሄዱት፤ ሳምንታት የሚፈጅባቸው አሉ። በእጃቸው ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ ኡሌ የሚባል በትር ይይዛሉ። ጓዝ በአህያ ይጫናል። እየተጓዙ የሼህ ሁሴንን ውዳሴ ያዜማሉ፤ መንደር ሲደርሱም ሕዝቡ ያበላቸዋል፣ ያሳድራቸዋል። ብዙዎቹ ጉዟቸውን የዌብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ ካለፈበት ከሶፍ ዑመር ዋሻ ጋር ያገናኙታል። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ ዋሻ ራሱ የጸሎት ቦታ ነው። ከፊንጫ ሐበራ አጠገብ የሚወርደው ውሃ ቆላ ወርዶ ይህንን ዋሻ የሠራው ውሃ ነው፤ በተራራው የሚሄደው ተጓዥና በቆላው የሚሄደው ተሳላሚ አንድ ወንዝ ያገናኛቸዋል።

ከውጭ የመጣው እግረኛ ታሪክ እዚህ መንገድ ላይ ይገጥማል። በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ከበርበራ ተነስተው በግመል ቅፍለት ኦጋዴንን አቋርጠው ሼህ ሁሴን ደረሱ። ሶፍ ዑመርንም አዩት፤ ዋሻውንም አዲስ እንደተገኘ ቆጥረው የራሳቸውን ስም አወጡለት። የአፄ ምኒልክ ጦር ባሌን ከያዘ ገና ጥቂት ዓመታት ነበር። ስሚዝ ወደ ምዕራብ ለማለፍ ፈቃድ ስላላገኙ ወደ ደቡብ ዞረው በማግስቱ ዓመት ሩዶልፍ ሐይቅ ደረሱ። መጽሐፋቸው በ1897 ታተመ። ወደ ዋሻው ለዘመናት ሲመላለሱ የኖሩት ተሳላሚዎች ግን ስም የሰየመላቸው ሰው አላስፈለጋቸውም ነበር።

በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በአርሲ ተራሮች ሲያድን ሳይንስ ያልመዘገበው ትልቅ አጋዘን ገደለ። በ1910 ሪቻርድ ላይደከር ለእንስሳው ሳይንሳዊ ስም አወጣ። የደጋ አጋዘን የምንለው ይህ ነው፤ በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸውም እርሱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ባሌ ደጋ የወጡት የውጭ ሰዎች ጥቂት ነበሩ።

የደጋውን መልክ በጽሑፍ ማወቅ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ፊንላንዳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሄልመር ስሜድስ በባሌ ስላሉት የባቱ ተራሮች በ1959 አሳተሙ። የዕፅዋት አጥኚው ኸርበርት ሙኒ ደግሞ በ1958 እና በ1959–60 ሁለት ጊዜ ወደ ሐረና ተራሮች ተጉዘው ያዩትን በ1963 በለንደኑ ሊኒያን ማኅበር መጽሔት ጻፉ። የሳነቴን አምባ የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ በዚያ ዘመን አልነበረም። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከጎባ ወጥቶ የጽዱንና የኮሶውን ጫካ አልፎ፣ አስታውን ሰንጥቆ፣ ጅብራ ብቻ ወደቆመበት አምባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዙሪያው ገደል በሆነው በደቡቡ አፋፍ በኩል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። በአንድ ጉዞ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ ቡና በጫካ ወደሚበቅልበት ሙቀት መድረስ ማለት ነው። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ጫካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ የቀረበት ተራራ እንብዛም የለም። የሙኒን ዓይነት ጉዞ የሚያሳካው ግን መንገዱን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የዕፅዋቱ ስም ተጠንቅቆ ተመዝግቦ እናገኛለን፤ የመሪዎቹን ስም ፈልጎ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ይህም ያስቆጨኛል።

በ1963 ሁለት ነገሮች አብረው ተጀመሩ። ኬንያ ይኖሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ተነሱ፤ ፍለጋቸውም እስከ ማግስቱ ዓመት ቀጠለ። ባሌ ላይ ከተጠበቀው በላይ ብዙ አጋዘን አገኙ፤ ቦታው ፓርክ እንዲሆንም ወተወቱ። በዚያው ሰሞን በመሬትና በግብር በደል የተማረረው የባሌ ገበሬ በዋቆ ጉቱ መሪነት መሣሪያ አነሳ። አመጹ ከቆላው ተነስቶ ለዓመታት ቆየ። አማጺው የሚንቀሳቀሰው በእግርና በፈረስ ነበር፤ የመንግሥት ጦር ካርታ የማያውቀውን ሸለቆና ጫካ እርሱ ያውቀዋል። ስለ ባሌ የእግር መንገድ ሲጻፍ ይህ ይዘለላል። እኔ ግን መዝለል አልፈልግም። ሌስሊ ብራውን አጋዘን የቆጠሩበት አገር ሌላ ሰው ለመሬቱ የሞተበት አገርም ነው። ዋቆ ጉቱ በ1970 ከመንግሥት ጋር ታርቀው ወረዱ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው።

ፓርኩ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በዲንሾ ተተከለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች እየተመደቡ ያገለግሉ ነበር። በኋላ፣ በ1983፣ በኒው ዮርክ የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ ክሪስቶፈር ሂልማን መጡ። ሂልማን ተራራውን በእግርና በፈረስ ዞረው አጠኑት፤ በ1986 የወጣው የፓርኩ የአስተዳደር ዕቅድ የእርሳቸው ሥራ ነው። ስለ ሳነቴ ብርድ ያኔ የተመዘገበው አኃዝ ዛሬም ድንኳን ለሚሸከም ሰው መነገር አለበት፦ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲደርስ፣ ቀኑ እስከ 26 ዲግሪ ይሞቃል። ሰው ብርድ በክረምት ይመስለዋል፤ ባሌ ላይ ግን የሚገድለው የጥርት ሰማይ ውርጭ ነው። ከጎባ ደሎ መና የሚወስደው፣ ሳነቴን የሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ ሲሠራ ደግሞ ቀን ሙሉ የሚያስኬደውን አምባ መኪና በአጭር ጊዜ የሚያልፈው ሆነ። ይህ ለደሎ መና ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ተራራውን ለማየት የሚመጣው ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሆነ፦ በመስኮት የሚያይና በእግሩ የሚያይ።

በ1988 አርጀንቲናዊው ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ ከዳዳ ጎቴሊ ጋር መጥተው ቀይ ቀበሮን ማጥናት ጀመሩ። በዓለም ላይ ካሉት ውሻ መሰል አራዊት እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዱ የሆነው ይህ እንስሳ ቁጥሩ 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ላይ ነው። እርሱን ለማጥናት መራመድ ግድ ነበር። ቀበሮዎቹ ሜዳ ላይ አብረው ያድራሉ። ሊነጋጋ ሲል ተነስተው የግዛታቸውን ወሰን ይዞራሉ፤ ከዚያ ተለያይተው እያንዳንዱ ለብቻው ወደ አደኑ ይሄዳል። አንዱ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ፍልፈሉ ሣር ሊሸመጥጥ ብቅ ሲል ይዘላል። በፊንጫ ሐበራ ምድጃ የተገኘው አጥንትም የዚሁ ፍልፈል ነው። ይህንን ሁሉ የሚያይ ሰው ከጎህ በፊት ሸለቆው ውስጥ መገኘት አለበት፤ በየቀኑ፣ በብርዱ። ሥራውን በጊዜ ሂደት የተሸከሙት ከዌብና ከሳነቴ አካባቢ የመጡ ወጣቶች ናቸው። የእያንዳንዱን መንጋ ግዛት በእግራቸው ያውቁታል፤ ቀበሮውን በጠጉሩ ምልክት ለይተው ይመዘግቡታል። ለእኔ በባሌ ተራራ ላይ ትልቁ እግረኛ ከሩቅ የመጣው አይደለም፤ ይህ ወጣት ነው።

በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ፓርኩ ተዘረፈ፤ የጥበቃ ጣቢያዎቹ ፈረሱ። በዚያው ሰሞን የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተዛመተና በጥናት ላይ ከነበሩት ሦስት አራተኛውን ያህል ገደለ። በ1995 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተመሠረተ፤ ዋና ሥራው መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሾችን መከተብ ሆነ። በሽታው በ2003 ሲመለስ ቀበሮዎቹን የሚከታተሉት ሰዎች ቶሎ ስለደረሱበት በሕይወት የቀሩትን ቀበሮዎች እየያዙ መከተብ ተቻለ። በ2018 ደግሞ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት በይፋ ተጀመረ። ይህ ክትባት ወደ ቀበሮው የሚደርሰው ሰው ተሸክሞት ሲሄድ ነው፤ ለዚያ አምባ ሌላ ዘዴ አልተገኘለትም።

ለተጓዦች የሚሆነው አደረጃጀትም ቀስ በቀስ ተበጀ። ዲንሾ ላይ አስጎብኚዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ የፈረስ ባለቤቶችና ምግብ አብሳዮችም ከጉዞው ገቢ ማግኘት ጀመሩ። ከ2005 ጀምሮ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ከፓርኩ ጋር ሲሠራ የማደሪያ ቦታዎቹ እየተለዩ መጡ። ፓርኩ ለአርባ ዓመታት ያህል ወሰኑ በሕግ ሳይታወጅ ቆይቶ በ2007 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) ታወጀ። መስከረም 2023 ላይ ደግሞ ሪያድ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ምዝገባው ደስ ያሰኛል፤ ግን ፓርኩ ውስጥ ሰፈራው፣ የከብቱ ብዛትና እሳቱ አልቆሙም። ጎዳንቱ እንደ ወቅቱ የሚመላለስ ሥርዓት ሆኖ ሳለ ሣሩ ማገገሚያ ጊዜ ነበረው። ሰውና ከብት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሲቀመጡ ግን ፍልፈሉም፣ ቀበሮውም፣ ባለከብቱ ራሱም ይጎዳሉ። መፍትሔው ሕዝቡን ከተራራው ጋር ባላንጣ አድርጎ የሚገኝ አይመስለኝም። መንገዱን ያወጡት እነርሱ ናቸውና የሚመጣው ገቢ መጀመሪያ ሊደርሳቸው ይገባል።

አሁን ወደ ባሌ የሚወጣው ተጓዥ ኢትዮጵያዊም እየሆነ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ እየወጡ እንጦጦን፣ ወንጪን፣ መናገሻን የለመዱ የተራራ ጉዞ ቡድኖች ረዘም ያለ ዕረፍት ሲያገኙ ወደ ዲንሾ ይመጣሉ። የአንድ ቀን ጉዞ የሚፈልግ ዲንሾ ዙሪያ በጌይሳይ ሜዳ አጋዘን አይቶ ይመለሳል። ጉልበትና ጊዜ ያለው ግን ማለዳ ፈረሱን ያስጭናል፦ ከታች ብርድ ልብስ፣ በሁለቱ ጎን ድንኳንና ምንጣፍ፣ ከላይ የወጥ ዕቃና ስንቅ፤ ከዚያ ሁሉም በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ፈረሰኛው በሌላ ዱካ ቀድሞ ያልፋል፤ ማታ ሲደረስ እሳት ነድዶ ይገኛል። ዌብ ሸለቆ፣ ፊንጫ ሐበራ፣ ወርጎና፣ የራፉ የድንጋይ ምሰሶዎች፣ ገርባ ጉራቻ፤ ከዚያ ሳነቴና 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ። ከፍታ ላልለመደ ሰው ይህንን ጉዞ በችኮላ መሄድ አደጋ ነው። ራስ ምታቱ ከበረታና ማቅለሽለሹ ከመጣ ወደ ታች መውረድ እንጂ መግፋት የለም፤ አስጎብኚው ተመለስ ካለ ይመለሳል። ከአፋፉ በታች አስታው ዛፍ ያህል ረዝሞ፣ ሽበት መስሎ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ከዚያ የሪራ መንደር ቤቶችና የንብ ቀፎዎቹ ይመጣሉ። ሪራ ላይ ማርና የጫካ ቡና ይገኛል። ከዚያ ከደሎ መና የሚመጣውን መኪና ጠብቆ የሚሳፈር ሰው በእግሩ ቀናት የፈጀበትን አምባ በጥቂት ሰዓት አቋርጦ ጎባ ይገባል።